አንድ ሊጥ፣ ብዙ እንስሳ
የእንስሳ ቅርጽ ብስኩት ለወላጆች በዓልና ለክረምት የልጆች ግብዣ

የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ይደረጋል። ክረምቱ ሲገባም ልጆች በየሰፈሩ ይሰባሰባሉ፤ ትንሽ ድግስ ቢጤ አይጠፋም። በእነዚህ ጊዜያት ለሕፃናት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ከሱቅ የተገዛ ከረሜላና የታሸገ ብስኩት ነው። ልጁ ይበላል፣ ወረቀቱን ይጥላል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በእንስሳ ቅርጽ ተሠርቶ የሚያጌጥ፣ ተማሪዎች ራሳቸው በእጃቸው የሚያበጁት ብስኩት ነው። «ይኸ የባልትና ጉዳይ አይደለም እንዴ? ለመምህር ምን ይሠራለታል?» የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። እኛ ግን በአንድ ሳፋ ሊጥ ውስጥ የሂሳብ፣ የሳይንስና የእጅ ሥራ ትምህርት አለ እንላለን። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገርም አለ፤ እሱም ልጆች በአንድ ትሪ ዙሪያ እኩል ሆነው መቀመጣቸው ነው። ይኸ የኋለኛው ካልተሟላ የፊተኛው ሁሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከአሠራሩ ጎን ለጎን እሱን እያነሣን እንሄዳለን።

1. ከሙልሙል እስከ ብስኩት

ሊጥን ቅርጽ አስይዞ ለልጅ መስጠት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲከበር በየደጁ እየዞሩ ለሚጨፍሩ ልጆች የሚሰጠው ሙልሙል ለዚሁ ቀን ተብሎ የሚጋገር ዳቦ ነው። ቡሄ የሚውለው በፍልሰታ ጾም ውስጥ በመሆኑ ሙልሙል ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አይገባበትም። ይህን ልብ በሉ፤ ቆይተን እንመለስበታለን። ዳቦ ቆሎም ቢሆን በሽምብራ መጠን እየተቆረጠ የሚበስል፣ ለመንገደኛ ስንቅ የሚሆን የሊጥ ሥራ ነው።

በሌላው ዓለም የእንስሳ ቅርጽ ብስኩት በፋብሪካ ደረጃ ከተሠራ ቆይቷል። በአሜሪካ ናሽናል ብስኩት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1902 «ባርነምስ አኒማልስ» የተባለውን ብስኩት ለገበያ ሲያቀርብ ሣጥኑ የሰርከስ ጋሪ የሚመስል ነበር፤ አውሬዎቹም በፍርግርግ ውስጥ ተዘግተው ተሥለውበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ባቀረቡት ጥያቄ ፍርግርጉ ተነሥቶ እንስሳቱ በሜዳ ላይ አብረው ሲሄዱ ተሣሉ። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፦ ለልጅ የምንሰጠው ትንሽ ብስኩት ስለ እንስሳው የሆነ ነገር ይናገራል። የኛስ ምን ይናገር?

2. መጀመሪያ እንስሳውን ማወቅ

ብዙ ጊዜ «እንስሳ ሥሩ» ሲባል ልጆች ከመጽሐፍ ያዩትን የሜዳ አህያና ቀጭኔ ይሠራሉ። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ ወይም በቦንጋ ያደገ ልጅ ግን ከቡናው ጥላ ሥር ሆኖ ቀና ሲል የሚያየው እንስሳ አለው። የቡና ደናችን የዛፍ ብቻ አይደለም። የካፋና የያዩ ደኖች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልሎች መዝገብ የገቡት በውስጣቸው ባለው ልዩ ልዩ ሕይወት ጭምር ነው። ስለዚህ ሊጥ ከመቦካቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ እንስሳቱ ለመነጋገር ይዋል። ልጁ እንስሳውን በመጀመሪያ በቤቱ ቋንቋ ይጥራው፤ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪው ጉሬዛን «ዌኒ»፣ ጅብን «ወራቤሳ»፣ ጉማሬን «ሮቢ»፣ ንብን «ከኒሳ» ቢል ትምህርቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም።

ሊጥ ጥቃቅን ነገር አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ዋና መለያ ብቻ እንምረጥ።

ጉሬዛ፦ ጥቁር ገላ፣ በሁለቱ ጎኖቹ የሚወርድ ነጭ ካባ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ረጅም ጅራት። ግልገሉ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ስለዚህ ከጥቁሯ እናት ጎን ትንሽ ነጭ ብስኩት ማስቀመጥ ይቻላል። የእጁ አውራ ጣት የለም ማለት ይቻላል፤ ጉጥ ብቻ ናት። አምስት ጣት ያወጣለት ልጅ ካለ «እስቲ እንደገና እንይ» በሉት።

ጉማሬ፦ በጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ በጉማሬ የታወቀ ነው። ወፍራም ገላ፣ አጭር እግር፣ ሰፊ አፍ። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው በራሱ አናት በኩል የተደረደሩት ውሃ ውስጥ ተደብቆ እንዲተነፍስና እንዲያይ ነው። ለጀማሪ እጅ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው።

ጅብ፦ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል። ነጠብጣቡን በሰሊጥ መሥራት ይቻላል። በዚህ የጅብ ዓይነት ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት።

ጃርት፦ የሊጡን ጀርባ በመቀስ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ ሲያደርጉት እሾሁ ይነሣል። «ጃርት እሾሁን ይወረውራል» የሚባለው ስሕተት መሆኑንም በዚሁ አስረዱ፤ እሾሁ በቀላሉ ስለሚነቀል የነካው ላይ ተሰክቶ ይቀራል እንጂ አይወረወርም።

ንብ፦ ስድስት እግር፣ አራት ክንፍ። በእርድ ቢጫ የሆነ ገላ ላይ ቡናማ መስመር ይሰመርበታል። የጌራን ማር የሚያውቅ ልጅ ንቧን ሳይቆጥር አይሠራትም።

ኤሊ፦ ድብልብል ሊጥ ጠፍጠፍ አድርጎ በቢላዋ ጀርባ መስመር ማውጣት ብቻ ነው። ለአንደኛ ክፍል ይኸው ይበቃል።

3. ለሁሉም የሚሆን ሊጥ

የብስኩት ሊጥ በቅቤና በእንቁላል ቢሠራ ይጥማል። ነገር ግን በነሐሴ መጀመሪያ ግብዣ ቢደረግ የሚጾመው ልጅ ምን ይሁን? ለሱ ለብቻው ሌላ ሳህን ማቅረብ «አንተ እዚያ ብላ» ማለት ነው። እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ልጅም አለ። እኛ የምንመክረው እንደ ሙልሙሉ ሁሉ ከመነሻው ማንም ሊበላው የሚችል አንድ ሊጥ ማቡካት ነው። በዋጋም ይረክሳል።

ለ45 ብስኩት የሚያስፈልገው፦

ፉርኖ ዱቄት 500 ግራም፤
ስኳር 150 ግራም፤
የምግብ ዘይት 120 ግራም (ወደ 130 ሚሊ ሊትር)፤
ለብ ያለ ውሃ 130 ሚሊ ሊትር ያህል፤
ቤኪንግ ፓውደር አንድ የሻይ ማንኪያ፤
የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤
ጨው በጣት ቆንጠር።

ኮረሪማው የራሳችን ደን ፍሬ ነው፤ ከገበያ ሳይፈጭ ገዝቶ ልጆች እንዲያሸቱትና እንዲፈለፍሉት ማድረጉ ራሱ ትምህርት ነው።

ስኳሩን በለብታው ውሃ ማሟሟት፣ ዘይቱን መጨመር። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከኮረሪማውና ከጨው ጋር ነፍቶ ማደባለቅ። ከዚያ ፈሳሹን ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ እጅ ላይ የማይጣበቅ ለስላሳ ሊጥ እስኪሆን ማሸት። የዱቄቱ ዓይነት ስለሚለያይ ሊጡ ቢደርቅ ውሃ በማንኪያ ጨመር፣ ቢቀጥን ዱቄት ነስነስ ማድረግ ነው። እንደ ዳቦ ብዙ መታሸት የለበትም፤ ብዙ ከታሸ ብስኩቱ ይጠነክራል። ሸፍኖ ለግማሽ ሰዓት ማሳረፍ።

ወጪውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። «እያንዳንዳችሁ ስኳር ይዛችሁ ኑ» ማለት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳይዝ የሚመጣው ልጅ የበዓሉን ጠዋት በኀፍረት ይጀምራል፤ ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተነጋግሮ ቁሳቁሱን በአንድነት ማዘጋጀት ይሻላል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለም? ዱቄት የሰጠ፣ እንጨት ያመጣ፣ ምጣድ ያዋሰ ሁሉ እኩል እንዳዋጣ ይቆጠር።

4. ማካፈል፣ ከዚያም ቅርጽ ማውጣት

ከላይ የተዘረዘረው ሊጥ በጠቅላላው 900 ግራም ያህል ይመዝናል። ለ45 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 20 ግራም ይደርሳል። ሚዛን የለንም ብሎ መተው አያስፈልግም። ማስመሪያን መካከሉ ላይ በክር አንጠልጥሎ በሁለት ጫፎቹ ሁለት እኩል የቆርቆሮ ክዳን ማሰር ነው። መመዘኛው ውሃ ይሁን፤ 20 ሚሊ ሊትር ውሃ 20 ግራም ነውና። በአዲስ ስሪንጅ ለክቶ በአንደኛው ክዳን ላይ ባለ ትንሽ ፌስታል ውስጥ መጨመር፤ በሌላኛው ክዳን ላይ ተመሳሳይ ባዶ ፌስታል አድርጎ ሊጥ ማስቀመጥ። የመጀመሪያዋ ድብልብል ከተገኘች በኋላ ሌሎቹን በሷ እየመዘኑ መቀጠል ይቻላል።

ሥራው እዚህ ሲደርስ ጭቅጭቅ መነሣቱ አይቀርም። ድብልብሎቹ ወደ እንስሳ ሲለወጡ አንዱ ልጅ «የሱ ይበልጣል! የሱ ጅራት አለው!» ይላል። ይህን ጩኸት «ዝም በሉ» ብሎ የሚያልፍ መምህር ትልቅ ትምህርት ያመልጠዋል። ስዊዛዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ሕፃናትን ያጠናው በተመሳሳይ ነገር ነበር። ሁለት እኩል የጭቃ ድብልብሎች አሳይቶ አንዱን እንደ ዘንግ ሲያረዝመው፣ ከሰባት ዓመት በታች ያሉት ብዙዎቹ ልጆች «የረዘመው ይበዛል» ይሉታል። ከፍ ያሉት ግን «ምንም አልተጨመረ፣ ምንም አልተቀነሰ» ብለው ይመልሳሉ።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ሕፃኑን «ተሳስተሃል» ማለት አይረዳውም። ሁለቱን እንስሳት ወስዶ በልጆቹ ፊት ሚዛን ላይ ያስቀምጥ፤ ሚዛኑ እኩል ይቆማል። ካልተዋጠላቸው ጅራት ያለውን መልሰው ያድበልብሉት፣ እንደገና ይመዝኑት። እኩልነትን በቃል የሰማና በእጁ የመዘነ ልጅ አንድ አይደሉም።

ለቅርጹ ደንቡ አጭር ነው። ድብልብሏን ከቡና ስኒ አፍ ጋር እስክትመጣጠን፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እስክትቀጥን በመዳፍ ጠፍጠፍ ማድረግ፤ ከዚያ መቆንጠጥ፣ መጫን፣ መሠንጠቅ። እግርና ጅራት ከቀጠነ ያርራል፤ ስለዚህ እግር ከትንሽ ጣት አይቅጠን፣ የጉሬዛውም ጅራት ከጎኑ ተጠምዝዞ ይጣበቅ። ከፍ ላሉት ክፍሎች በካርቶን ቅርጽ ቆርጦ፣ ሊጡ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በቢላዋ መከተል ይቻላል። ከቆርቆሮ ጣሳ ቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ካለ ግን ስለቱን በፒንሳ አጥፎ ያደንዝዘው። ዓይን በጥቁር አዝሙድ ይደረግ። የቡና ፍሬ ሳይፈጭ ለዓይን ማድረግ ያምራል፤ ነገር ግን ትንሽ ልጅን ሊያንቅ ስለሚችል እንተወው።

5. መጋገር

ኦቨን ባለበት 180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። በሌለበት በድፎ ዳቦ ደንብ ከታችም ከላይም እሳት ማድረግ ይቻላል፤ ብስኩት ቀጭን ስለሆነ ግን የሚበቃው ደከም ያለ ፍም ነው። በምጣድም ከሆነ ዘይት ሳይበዛ አሰስ አድርጎ፣ ብስኩቶቹን አራርቆ ደርድሮ፣ በአክንባሎ መክደን፤ ሥራቸው ሲቀላ በዝግታ ማገላበጥ። መጀመሪያ አንዷን ብቻ ለሙከራ ጋግሩ፤ የፈጀችውን ደቂቃ ጽፋችሁ ያዙ፤ የቀሩት በዚያ ይሄዳሉ። እሳት አጠገብ የሚቆመው መምህሩ ወይም ትልቅ ሰው ብቻ ነው።

6. ማስጌጥ

ስኳር 150 ግራም በሙቀጫ ወቅጦ በጠበበ ወንፊት መንፋት። የሎሚ ጭማቂና የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ እስኪሆን ማማሰል። አንዳንዶች በጥሬ እንቁላል ነጭ ይሠሩታል፤ ጥሬ እንቁላል በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል ለሕፃናት አንመክረውም።

ነጩ ቅብ እንዳለ ለጉሬዛው ካባ ይሆናል። ለቢጫ እርድ በቆንጠር፣ ለሮዝ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ለቡናማ የተቃጠለ ስኳር ይገባበታል። ስኳር የሚያቃጥለው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ውሃ ሲጨመርበት ይፈነጥቃልና። የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም፣ የማርከርና የልብስ ቀለም በምንም ምክንያት ምግብ ላይ አይደረግም፤ «ትንሽ ነው» አይባልም። ቅቡን ለማውጣት ንጹሕ ነጭ ወረቀት እንደ ጥሩምባ ጠቅልሎ ጫፉን መቁረጥ ይበቃል። በጋዜጣ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃል። ጥቃቅኑን መስመር በስቴኪኒ መሳብ ይቻላል። ሰሊጥ ወይም ለውዝ የማይስማማው ልጅ እንዳለ አስቀድሞ ወላጅን መጠየቅ አይረሳ።

ብስኩቱ ሳይቀዘቅዝ ከተቀባ ቅቡ ይቀልጣል። ደግሞም የጅማ ክረምት እርጥበቱ ብዙ ስለሆነ ቅቡ በቶሎ አይደርቅም፤ እሳቱ ከወጣ በኋላ ለብ ባለ ምጣድ አጠገብ ማቆየት ይረዳል። ከደረቀ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ካልተቀመጠ በማግሥቱ ይለሰልሳል።

7. እንስሳና ስም

ከሁሉም ይበልጥ ልናሳስብ የምንፈልገው ይህንን ነው። በኛ ዘንድ የእንስሳ ስም ስድብ ሆኖ ያገለግላል። ዘግይቶ የገባውን ልጅ «አህያ»፣ ቶሎ የበላውን «ጅብ» የሚል መምህር አልጠፋም። እንግዲህ በበዓል ቀን፣ በወላጆች ፊት፣ መምህሩ ብስኩት እያነሣ «ይቺ አህያ ላንተ ናት» ቢል ክፍሉ ይስቃል፤ ልጁም ከሌሎቹ ጋር ይስቅ ይሆናል። ግን ስሙ ከሱ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል። ስለዚህ መምህር ለማንም ልጅ እንስሳ አይመድብለት። ልጁ ራሱ ይምረጥ፤ ወይም ዕጣ ይውጣ።

ከባድ የሆነ ሌላም ነገር አለ። በካፋ የማንጆ ተወላጆች «የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ይበላሉ» እየተባሉ ከጎረቤት ማዕድ ሲገለሉ፣ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ሲሸማቀቁ ኖረዋል። በሌሎችም አካባቢዎች ሸክላ የሚሠራውና ብረት የሚቀጠቅጠው ወገን «ሌሊት ጅብ ይሆናል» በሚል ከንቱ ወሬ ሲሠቃይ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ለተመደበ አዲስ መምህር፣ ለኛ ጨዋታ የሆነው የጉሬዛ ብስኩት ለአንዱ ተማሪ ጩቤ ሊሆንበት ይችላል። ልጁ ሲያነሣው ከኋላው አንድ ድምፅ ቢሰማ በዓሉ ለሱ አበቃ ማለት ነው።

ምን ይደረግ? ትሪው ከመውጣቱ በፊት ከአካባቢው ተወላጅ መምህራን ጋር መማከር። የሚያጠራጥር ከሆነ ጉሬዛውንና ጅቡን በጭቃ ሠርቶ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ማስተማር፤ ለሚበላው ደግሞ ኤሊ፣ ንብና ጉማሬ ይበቃሉ። ንቀቱን የሚያጠፋው የረጅም ጊዜ ትምህርት ነው፣ የአንድ ቀን ብስኩት አይደለም። የአንድ ቀን ብስኩት ግን ሊያባብሰው ይችላል።

ለሠልጣኞች መልመጃ

ሀ. ክፍሉ 60 ተማሪዎች አሉት። ለእያንዳንዱ አንድ ብስኩት እንዲደርስ ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይትና ውሃ ስንት ስንት ያስፈልጋል?

ለ. 20 ግራም የነበረው ሊጥ ከተጋገረ በኋላ ሲመዘን ቀንሶ ይገኛል። የጎደለው የት ሄደ? ለአራተኛ ክፍል እንዴት ታስረዳላችሁ?

ሐ. ባደጋችሁበት አካባቢ ካሉት እንስሳት ሦስት መርጣችሁ የእያንዳንዳቸውን አንድ መለያ ጻፉ፤ ስማቸውንም በአካባቢው ቋንቋ ጨምሩ።

መ. አንድ ተማሪ «እኔ ከነሱ ትሪ አልበላም» አለ። በክፍሉ ፊት ምን ትላላችሁ? ለብቻውስ ምን ትጠይቁታላችሁ?

ሆዳችንን የሚሞላ ነገር አላቀረብንም፤ 20 ግራም ሊጥ ማንንም አያጠግብም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከጓደኛው ጋር እኩል መዝኖ፣ በመረጠው መልክ ሠርቶ፣ ማንም ሳይስቅበት ከአንድ ትሪ ከበላ የዓመቱ መዝጊያ በደንብ ተዘግቷል። የመልመጃ (መ)ን መልስ ጽፎ ከዚህ ሰሌዳ ሥር የሚለጥፍ ሠልጣኝ ቢገኝ ሁላችንም እናነበዋለን።